ሳናጉረመርም የወጣነው ታቦር

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት ሕሊና ከሐዋሳ ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?» ብላ ጀመረች። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ግን «አዎ» አልኳት። እማማ የሺ አርፈዋል። ያረፉት በሕማማት ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ ተቀብረዋል። በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በሆሳዕና ከምእመኑ ሁሉ ጋር በተፈታላቸው ነው የሄዱት። «በዓሉን በሰላም ይዋሉ ብለን ነው እስከ ዛሬ የቆየነው። ይቅር ይበሉን ጋሼ» አለችኝ።

«ደግ አደረጋችሁ» አልኳት።

እጮሃለሁ፣ ቢያንስ ድምፄ ይቆራረጣል ብላ ጠብቃ ነበር መሰለኝ። «ጋሼ፣ ሰምተውኛል?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ሰምቻታለሁ። እንዲያውም ከመንገሯ በፊት ነው የሰማሁት። እንዴት እንደሰማሁ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ እማማ የሺ ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

ሐዋሳን ያኔ በአፋችን አዋሳ ነበር የምንላት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ስሄድ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደርግም ገና ጉልበቱ አልላላም። ታቦር ተራራ ሥር ካሉት ግቢዎች በአንዱ፣ እማማ የሺ ቤት፣ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ቤት ማከራየት የተከለከለበት ዘመን ስለነበር ለቀበሌው የእህታቸው ልጅ ነው ተብሎ ነው የተነገረው። ቀበሌው አመነ አላመነ አላውቅም። እማማ ግን የራሳቸውን ውሸት ቶሎ አመኑት፤ ወር ሳይሞላኝ ሸሚዜን ተኩሼ ካልወጣሁ እንደ እህት ልጅ ይቆጡኝ ጀመር። እኔም እየቆየሁ አመንኩት። ዛሬም ድረስ ሰው ሲጠይቀኝ «አክስቴ ናቸው» እላለሁ።

ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ግን ከአጥር ወዲያ የሚሻገር ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው መንገድ ሥራ ነበሩ፤ ከመንዝ አግብተው ያመጧቸውም ቤት ውስጥ አይደለም፣ የመንገድ ሠራተኛ ድንኳን ውስጥ ነው። ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ሲዞሩ ኖረው አዋሳ ላይ ቤት ሲሠሩ፣ ባል ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለእማማ የቀረላቸው ቤቱ፣ ሁለት ልጆችና ሜዳ የመውጣት ናፍቆት ነበር። «እኔ ከጣራ ሥር ሆኜ ሰው ማየት አልችልም» ይሉ ነበር። «ቤት ውስጥ አንዱ ጓዳ ነው፣ አንዱ ሳሎን ነው፣ አንዱ አልጋው ላይ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሁሉንም ባንዴ ታየዋለህ።»

በዚህ የተነሳ በየዓመቱ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ቤተሰቡን በሙሉ ከነጓዙ ታቦር ተራራ ላይ ያወጡ ነበር። ዛሬ ሽርሽር ቢባል ማንም አይደነቅም። በዚያ ዘመን ግን በዓልን ቤቱን ዘግቶ ሜዳ ላይ የሚውል ቤተሰብ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ሰው በዓል ከቤቱ ይውላል፤ ሜዳ የሚውለው ከብት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ይለኛል። ዓርብ ሰግጄ፣ ቅዳሜ አስቀድሼ፣ እሁድ ጾም የፈታ ሆዴን ይዤ ሰኞን ልተኛበት አስቤ ነበር። ገና ሳይነጋ በሬ ሦስት ጊዜ ተቆረቆረ። እማማ በእጃቸው አያንኳኩም፤ በጃንጥላቸው ጫፍ ነው።

«ተነስ መምህር። ተራራው አይጠብቅህም።»

«ተራራማ የትም አይሄድም እማማ።»

«እሱማ አይሄድም። የምትሄደው አንተ ነህ።»

እኔ ተራራ የማውቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ነው፤ መውጣቱ የተማሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። አላመመኝም። ግን ግቢው ውስጥ ስወጣ የማጉረምረሙ ሥራ ቀድሞኝ ተጀምሯል። ትልቋ ልጃቸው ጥሩወርቅ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው፣ አገልግሉን እያሰረች «ሰው ያየናል እማዬ፤ ቤታችን የፈረሰብን እንመስላለን» ትላለች። የእማማ እናት እማሆይ፣ ዓይናቸው የደከመ መነኩሲት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ «በስተርጅና ገደል የምታስወጣኝን ልጅ ምነው ባልወለድኩ» ይላሉ። ጎረቤታችን አቶ ዱካሞ፣ ባለጋሪውና የእድሩ ዳኛ፣ ፈረሳቸውን በሲዳምኛ እየተቆጡ ይመጡና በአማርኛ እማማን ይቆጣሉ። «እትዬ የሺ፣ እኛ ከሜዳ ወደ ቤት ለመግባት ስንት ዘመን ለፋን፤ እናንተ ደግሞ ከቤት ወደ ሜዳ!»

እማማ ለማንም አይመልሱም። ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና ሁሉም እስኪጨርስ ያዳምጣሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። አንድ ጊዜ «ይሄ ሁሉ ሲያማርር አይሰለችዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሚያጉረመርም ሰው ደህና ነው» አሉኝ። «እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለ ልጅ ነው። ዝም ያለ ልጅ ወይ ታሟል ወይ አጥፍቷል።»

ጋሪው እማሆይንና ጓዙን እስከ ተራራው ግርጌ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ጋሪም ፈረስም አይሆንም። እዚህ ላይ ነው የእማማ ሁለተኛ ልጅ ዳዊት የሚመጣው። ዳዊት ጋራዥ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት የማይጠፋ ልጅ ነበር። ሴት አያቱ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ይንበረከካል፤ እማሆይ በነጠላ ይታዘላሉ። አቀበቱን ሙሉ እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ፣ ዳዊት ደግሞ በየእርምጃው ያማርራል። «እማሆይ፣ እውነት ይናገሩ፣ ዘንድሮ ጾሙን በልተዋል። አምና እንዲህ አይከብዱም ነበር።» እማሆይ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ጆሮውን ይቆነጥጡታል። ከኋላቸው ሴት ልጁ ሕሊና፣ ያኔ ገና እየተደናቀፈች የምትሄድ፣ «እኔንም! እኔንም!» እያለች ትከተላለች። እናቷ ከዳዊት ጋር ሳይስማሙ ተለያይተው ሌላ አገር ስለነበረች ሕሊናን ያሳደጓት እማማ ናቸው።

ከተራራው ወገብ አንድ ሰፊ ግራር አለ። ወይም ነበረ። ከሥሩ ሆነው ሲያዩ ሐይቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ከታች አሞራ ገደል የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ፣ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች። ሕሊና አፏን ስትፈታ ያን ራሰ በራ ወፍ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደሚሄድ ሰው የሚንጎራደደውን፣ «ሊቀመንበሩ» ብላ ሰየመችው። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ማለቷ ነው። እማማ አፏን በእጃቸው ከደኑት፤ ከደኑትና እሳቸው ራሳቸው ሳቁ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ግራሩ ድረስ ተከተለን። ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል አለ። አጀንዳችሁ ምንድን ነው? እኔ አስተማሪ ነኝና ከሁሉ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። እማማ ከአገልግሉ ላይ ክዳኑን አነሱ። «አጀንዳችን ዶሮ ነው» አሉት። «ና፣ ተሳተፍ።» ተሳተፈ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ ጠመንጃውን ረስቶ ወረደና ዳዊት ሮጦ አደረሰለት።

ዳዊት ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሲሄድ ሕሊና የአምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ተላከ። ከዚያ በኋላ እማሆይን በወንበር ላይ አስቀምጠን የምንሸከመው አቶ ዱካሞና እኔ ሆንን። እማሆይ ወንበሩን አልወደዱትም። «የዳዊት ጀርባ ይሻለኛል» ይሉናል። እኛም መልሰን እናጉረመርማለን፤ እሳቸው ይቆነጥጡናል። ጉዞው አልተቋረጠም።

አንድ ነገር ግን ተጨመረ። በሁላችንም ቤት እንደሚታወቀው የዶሮ ወጥ ብልት ባለቤት ባለቤት አለው፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። እማማ ቤት ባል ካረፉ ወዲህ ፈረሰኛው የዳዊት ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግራሩ ሥር ምሳ ሲወጣ፣ እማማ ለሁላችንም ድርሻችንን ሰጥተው ሲያበቁ፣ ፈረሰኛውን ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ያስቀምጡታል። «የዳዊት ነው» ይላሉ ለማንም ሳይሆን። ሳህኗ ተራራውን ወጥታ ትወርዳለች። በማግስቱ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ይሰጡታል፤ በእሱ ስም። ማንም አስተያየት አይሰጥም። ስለ ጨው፣ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጉንዳን የምናማርረው ሁሉ ያን ጊዜ ዝም እንላለን።

አሁን ወደዚያ ዓመት ልምጣ። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው፤ እኛ ግን ይህን አናውቅም። የምናውቀው ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ክፉ እንደሆነ ብቻ ነው። ፋሲካና የሠራተኞች ቀን እሁድና ሰኞ ሆነው ተከታትለው ዋሉ። ለእማማ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጥሩወርቅ ከፋብሪካ ፈቃድ ሳትለምን፣ እኔም ከትምህርት ቤት ሳልሰርቅ የምንወጣበት ሰኞ። የሁለት ወር ጾሙን ሙሉ ስለ እሱ ሲያወሩ ከረሙ።

በሕማማት ረቡዕ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ወታደር ፋብሪካው በር ላይ ጥሩወርቅን ጠየቀ። የዳዊት ጓደኛ ነበር። ዳዊት ሞቷል። በወታደሩ እቅፍ ውስጥ ነው ያለፈው። መጀመሪያ ለእህቴ ንገራት፣ እሷ ታውቅበታለች ብሎት ነበር።

ጥሩወርቅ ወደ ቤቷ አልመጣችም፤ ወደ አቶ ዱካሞ ነው የሄደችው። እኔን አስጠሩኝ። ሦስታችን በፈረሱ ጋጣ ውስጥ ቆምን። እንባዋ አልወረደም ገና፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «አሁኑኑ እንንገራት፣ እኔ ይሄን ይዤ ማደር አልችልም» አለች።

አቶ ዱካሞ እጃቸውን ፈረሱ አንገት ላይ አደረጉ። «ሕማማት ላይ?» አሉ። «ፋሲካ ዋዜማ ላይ? ዛሬ ብናረዳት፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ፋሲካ በመጣ ቁጥር መርዶዋ ይሆንባታል። በዓል ይለፍላት። ሰኞም ተራራዋን ትውጣ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የእድሩን ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ።» ከዚያ ወደ ሁለታችን ዞሩ። «እስከዚያ ማንም እንባ አያሳይ። ማንም አያስከፋት። ያለችውን ሁሉ እሺ በሏት።»

እሺ አልን። ሞኝነታችን ከዚህ ጀመረ።

ቅዳሜ እማማ ጥሩወርቅን ሽንኩርት ክተፊ አሏት። በሌላው ዓመት ይህ ትእዛዝ ግማሽ ሰዓት ያከራክራል፤ ፈረቃ አድሬ፣ ጀርባዬ፣ ለምን ሁልጊዜ እኔ። ያን ዓመት «እሺ እማዬ» ብላ ተቀመጠች። ያን የሽንኩርት ክምር ስትከትፍ የልቧን አለቀሰች፤ ማንም አልጠረጠረም። እንደዚያ መስሎን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ነበር። ሁላችንም የየመሥሪያ ቤታችንን ጨርቅ ይዘን አደባባይ ቆመናል። እማማ ከቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጋር ተሰልፈዋል፤ አገልግሉን በጀርባቸው አዝለው። አንድ ካድሬ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። «ሰልፉን ለመንግሥት አመጣሁት፤ ዶሮውን ለእኔ» አሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። መፈክሩ ሲያልቅ አቶ ዱካሞ ጋሪያቸውን ይዘው ደረሱ። ጋሪው አበባ ታስሮበታል። ፈረሱ ታጥቧል። «ኬሬ፣ ኬሬ እትዬ የሺ» አሉ፤ በሲዳምኛ ሰላም ነው፤ ከጋሪው ወርደው እጃቸውን ይዘው አሳፈሯቸው። ስለ ሜዳና ስለ ቤት ምንም አላሉም።

አቀበቱን ዝም ብለን ወጣን። እማሆይ ብቻ፣ ምንም የማያውቁት፣ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «ምነው ዘንድሮ እንደ ሬሳ ትሸከሙኛላችሁ፣ አንድም ቃል የላችሁም» አሉ። አቶ ዱካሞ እግራቸው ተንሸራተተ። እማማ የሺ ከፊት ነበሩ። ዞር ብለው አዩን፤ እኔን፣ ጥሩወርቅን፣ አቶ ዱካሞን። ከዚያ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ግራሩ ሥር ጀንዲው ተነጠፈ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፤ ሐይቁም ነፋስ አልነካውም። ሕሊና ከወዲያ ወዲህ እየሮጠች ሊቀመንበሮቿን ትቆጥራለች። እማማ አገልግሉን ፈቱ፤ ለእማሆይ፣ ለአቶ ዱካሞ፣ ለጥሩወርቅ፣ ለእኔ፣ የየድርሻችንን ሰጡ። ጨው አንሶ ነበር፤ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ፈረሰኛው ቀረ።

ሁላችንም ዓይናችን ወደ ትንሿ ሳህን ሄደ። እማማ ፈረሰኛውን በጣታቸው አነሱት። ሐይቁን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አይደለም። ክዳን ያላትን ሳህን አልከፈቱም።

«ሕሊና፣ ነይ እዚህ» አሉ።

ልጅቷ መጥታ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች። ፈረሰኛውን ፊቷ አደረጉላት።

«ይሄ የአባባ አይደል እንዴ?» አለች።

«የአባትሽ ነው። አሁን ያንቺ ነው። ብዪ፣ ሳይበርድ።»

ጥሩወርቅ ተነስታ ከግራሩ ጀርባ ሄደች። አቶ ዱካሞ ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቀረ። እኔ ሐይቁን አየሁ፤ ሌላ የማየው አልነበረኝም። ሕሊና ብቻ፣ ድንገት ትልቅ ሰው የሆነች መስሏት፣ በሁለት እጇ ይዛ በላች። እማማ አፏን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አስጨረሷት። አጥንቱን ራሳቸው ተቀብለው አገልግሉ ውስጥ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ምን ያህል ደስ የሚል ቀን እንደነበር ለመናገር እንኳ ያሳፍረኛል። እማማ አልቸኮሉም፤ እኛም አላስቸኮልናቸውም። አሞራ ገደል ወርደን ጦጣ አየን። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳውን ሲገፉ ቆመን አየን፤ እማማ ሁለት ገዝተው ለእማሆይ ለማክሰኞ ይሆናል አሉ። ሕሊናን ጀልባ ላይ አሳፈሯት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ውሃ እፈራለሁ እያሉ የከለከሏትን። ልጅቷ ከሐይቁ ላይ እጇን ስታውለበልብ እሳቸውም ጃንጥላቸውን ከፍ አድርገው አውለበለቡላት፤ እስክትመለስ አላወረዱትም።

ስንመለስ ክንዴን ያዙ። እንደዚያ ይዘውኝ አያውቁም።

«መምህር፣ ዘንድሮ ስለ ጉልበትህ አላነሳህም።»

«ዘንድሮ ደህና ነው እማማ።»

«ተመስገን» አሉ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አቶ ዱካሞና የእድሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። መርዶ እንደሚነገር፣ ድንገት፣ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሊሆን ነበር ሐሳቡ። የግቢው በር ግን ክፍት ሆኖ ጠበቃቸው። ግቢው ተጠርጓል። አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። እማማ የሺ በረንዳው ላይ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተገትረው ቀሩ።

«ግቡ» አሏቸው። «ልጅቱ ተኝታለች። ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ።»

አቶ ዱካሞ አፋቸውን ከፈቱ። ስንቱን ቤት ያረዱ ሰው፣ እንባቸው ቀደማቸው። እማማ ከተቀመጡበት ተነስተው እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ከዚያ ነው የጮኹት፤ ሕሊና እንዳትነቃ ግን ድምፃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አፍነው። ከአጥር ወዲያ የሚሻገር ድምፅ እንደነበራቸው ተናግሬያለሁ። ያን ቀን ከበረንዳው አልወረደም።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንዴት እንዳወቁ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም፤ እሳቸው ናቸው ያመጡት።

«ጥሩወርቅ ሽንኩርት ክተፊ ብያት እሺ አለችኝ» አሉ። «እሺ! ያቺ ልጅ አፏን ከፈታች ጀምሮ እሺ ብላኝ አታውቅም። አንተ ደግሞ ሰኞ ጃንጥላዬን ሳላነሳ ጫማህን አስረህ በር ላይ ቆመሃል። ዱካሞ ጋሪውን እንደ ሙሽራ አስጊጦ መጣ። ሁላችሁም ባንድ ቀን ጥሩ ሰው ከሆናችሁብኝ፣ ልጄ የለም ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ እማማ?»

«እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዝም አላችሁ። እኔ ለእሷ ብዬ።» ሕሊና አጥሩ ሥር አሸዋ ትጫወታለች። «አባት እንዳለው ልጅ ሆና የምትውለው አንድ ፋሲካ ቀርቷት ነበር። እሱን ላስጨርሳት ብዬ ነው። ጀልባውንም ወደደችው አይደል?»

«ወደደችው።»

«እንግዲያው» አሉ።

የሚቀጥለው ዓመት አይወጡም ብለን ነበር። ሰኞ ሳይነጋ በሬ ሦስት ጊዜ ተቆረቆረ። ከነጥቁር ልብሳቸው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፤ የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ገባኝ። «እማማ፣ ይሄ ጉልበቴ ሊገድለኝ ነው፣ ዘንድሮስ አልወጣም» ብዬ ጮኽኩ። ጥሩወርቅ ከጓዳ ሆና «ሰው ምን ይለናል፣ እንደ ዘላን!» ብላ ተቀበለችኝ። አቶ ዱካሞ ከውጪ ፈረሳቸውን ትተው በቀጥታ እማማን ተቆጡ። በሕይወታችን እንደዚያ ቀን አጉረምርመን አናውቅም፤ እስከ ግራሩ ድረስ አላቆምንም። እማማ ከፊት ከፊት እየሄዱ ያዳምጡን ነበር። አንዴም ዞረው አላዩንም፤ ነጠላቸው ግን ዓይናቸው ላይ ሲመላለስ ከኋላ አይቻለሁ።

ደርግ ወደቀ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። እማሆይ አረፉ፤ አቶ ዱካሞም አረፉ። እኔ በየፋሲካው እሁድ መደወል አላቋረጥኩም። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጉልበትህ እንዴት ነው?» እኔም በዝርዝር አማርራለሁ፣ እሳቸው በስልክ ይስቃሉ። ጆሯቸው ሲከብድ ሕሊና መሐል እየሆነች ታስተላልፍልን ነበር። እሷም የአያቷ ልጅ ናትና አትምረኝም፤ «ጋሼ፣ በየዓመቱ እመጣለሁ ይላሉ፣ በየዓመቱ ጉልበቴን ይላሉ፤ ይሄ ጉልበት ነው ወይስ ስንፍና?» ትለኛለች። ያ ጭቅጭቅ ለእኔ ፋሲካ ነው። ዶሮው ሳይሆን እሱ።

ዘንድሮም እሁድ ደወልኩ። ሕሊና አነሳች። እማማ ተኝተዋል አለችኝ። እሺ፣ ንገሪያቸው፣ ዘንድሮም አልመጣም፣ ይሄ ጉልበት ሊገድለኝ ነው አልኳት። መልሱን ጠበቅኩ።

«እሺ ጋሼ» አለችኝ። «እሺ። ዋናው ጤናዎ ነው። እንዳሉት ይሁን።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ናፍቆት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ጃንጥላዋ፣ አቀበቱ፣ ግራሩ፣ ያቺ ክዳን ያላት ሳህን፣ ሁሉም ባንዴ መጡብኝ። ተነስቼ መጮህ ፈልጌ ነበር። ሳሎን ውስጥ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ለበዓል ተሰብስበዋል፤ አንዱ ጓዳ፣ አንዱ ሶፋው ላይ፣ አንዱ ስልኩ ውስጥ። ፊቴን ታጠብኩና ወጥቼ አብሬያቸው በላሁ። ምንም አልነገርኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ግን ጃንጥላዬን ይዤ በየበራቸው ዞርኩ። ሦስት ሦስት ጊዜ ቆረቆርኩ። ተነሱ፣ ዛሬ እንጦጦ እንወጣለን አልኳቸው። «ምን?» አለ አንዱ። «በዚህ ፀሐይ?» አለች ሌላዋ። ልጄ ከመኝታ ቤቷ ሆና «አባዬ፣ ያን ጉልበት ይዘህ!» ብላ ጮኸች። ትንሹ የልጅ ልጄ ደግሞ ጫማውን እየወረወረ፣ ሰው ቤት እያለው ለምን ሜዳ ላይ ይበላል ብሎ ማልቀስ ቃጣው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው። ሁሉም ደህና ነበሩ።